የሽቶው ካርቶን

ባሌ ክብሩ እንቅልፉ ውስጥ እንኳ «ሪሴፕተር» ይላል። ሮቤ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ይህች ኤደን የምትባል መምህርት ከጎንደር ከመጣች ወዲህማ ብሶበታል፤ ጥናታቸው አንድ፣ ምሳቸው አንድ። ቀንተሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ ቀንቼ ነው፣ ምን ይጠበስ!

የሚያጠኑት የንብ መርዝ ነው። እኔን አምና አንዲት ንብ ነድፋኝ ሐኪም ቤት በሸክም ነው የገባሁት።

«ሴሎችሽ ላይ እንደ በር ደወል ያለ ሪሴፕተር አለ» አለኝ ክብሩ። «መርዙ ሲነካው ሴሉ ምልክት ያስተላልፋል፤ ሰውነትሽ ይቆጣል፣ ጉሮሮሽ ያብጣል። ‹በቃ፣ ተረጋጋ› የሚል ሌላ ሪሴፕተርም አለ። ሐረና ጫካ ያሉት የሪራ መንደር ማር ቆራጮች ሲነደፉ የማያብጡት እሱ በርትቶላቸው ይመስለናል።»

«ይመስለናል? አንተና ማን?» አልኩት።

ከማር ቆራጮቹ ደም ሊወስዱ ሁለቱ ሪራ ሊሄዱ ሆነ። እኔም ካልሄድኩ ብዬ ድርቅ አልኩ።

«ሸዋዬ፣ እዚያ ንብ አለ፤ ትሞቺብኛለሽ!»

«ንቧማ ቤቴ ገብታለች!» አልኩት።

በመሄጃችን ጠዋት ቦርሳውን ስፈትሽ የሽቶ ካርቶን አገኘሁ፤ በፕላስተር ታሽጓል። የኤደን ሽቶ ነው፣ ሽታውን አውቀዋለሁ። ደሜ ፈላ። ሳልከፍተው ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት። ስጦታሽን ፈልጊ እንግዲህ!

የሳነቲን አምባ አቋርጠን ሪራ ወረድን። ማር ቆራጩ ኦቦ ጉሉማ «ከቀፎው ራቂ» ቢሉኝም አልሰማሁም። ክብሩና ኤደን ተጠጋግተው ያወራሉ፤ ምን እንደሚባባሉ ልስማ ብዬ ቀፎው ሥር ተለጠፍኩ። ንብ አንገቴን ነደፈችኝ።

ጉሮሮዬ ይዘጋ ጀመር። ክብሩ ቦርሳውን ገለበጠው።

«ካርቶኑ የታለ? መድኃኒቷ እሱ ውስጥ ነው! ብልቃጡ እንዳይሰበር ኤደን አሽጋ ሰጥታኝ ነበር!»

ወይ ጉዴ! ጤፉ ውስጥ ነው ልል ምላሴ አብጦ እምቢ አለኝ። ኤደን ከራሷ ቦርሳ ሌላ ብልቃጥና መርፌ አውጥታ ጭኔን ወጋችኝ። ትንፋሼ ቀስ እያለ ተመለሰ።

ወደ ጎባ ሐኪም ቤት ስንከንፍ መኪናው ውስጥ ጠየቅኳት።

«ለምን ሁለት ያዝሽ?»

«እትዬ ሸዋዬ፣ ባሏ ቦርሳ ውስጥ የሴት ሽቶ አግኝታ ዝም የምትል ሚስት አለች? ካሸግኩት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።»

ክብሩ ከፊት ወንበር «የት ጣልኩት?» እያለ ገና ኪሱን ይዳብሳል። እኔ ደግሞ ይባስ ብሎ ቀናሁ፤ ባሌ በዚህ ሁሉ ዓመት ያላወቀኝን እሷ አወቀችኝ።