የግራዝማች ወንዳፈረው ጥያቄ

በ1925 ዓ.ም. በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የከምባታ እንደራሴ እንዲሆኑ የተመረጡት ግራዝማች ወንዳፈረው ወደ አዲስ አበባ ሊነሡ ሲሉ፣ የመረጧቸው አገረ ገዥ ሆሳዕና ወዳለው ግቢያቸው አስጠሯቸው።

«ለምክር ቤቱ ጥያቄ አዘጋጅተሃል አሉ። እስቲ አምጣው።»

ግራዝማች ጥያቄውን የጻፉበትን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ፤ ግን አልዘረጉትም። ወረቀቱ፣ ገበሬው በአጨዳ ወቅት ማሳውን ጥሎ የሹም ዕቃ እንዲሸከም ለምን ይገደዳል ብሎ ይጠይቃል።

«ጌታዬ፣ ጥያቄ የሚቀርበው በጽሑፍ፣ ለምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው። ላነብልዎ እችላለሁ፤ ልሰጥዎ ግን አልችልም።»

«አንብበው።»

ግራዝማች አነበቡት። የአገረ ገዥው ፊት ጠቆረ።

«ይህን የነገረህ ማነው?»

የነገሯቸው የሆመቾ መንደር ሽማግሌዎች ነበሩ። ስማቸውን ቢጠሩ በሽማግሌዎቹ ላይ ምን እንደሚደርስ ግራዝማች አልጠፋቸውም።

«ከሥሩ የፈረምሁት እኔ ብቻ ነኝ። የሚጠየቅ ካለም እኔው ልጠየቅ።»

«እንግዲያው ስትመለስ የወረዳ ሹመትህን አታገኘውም።»

ግራዝማች እጅ ነሥተው ወጡ። በቅሏቸው ላይ ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ተነሡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን አዲስ አበባ ለፕሬዚዳንቱ በእጃቸው ሰጡ። ፕሬዚዳንቱ ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ «ሐሙስ ለጉባኤው ይነበባል። ቆመው ለማስረዳት ይዘጋጁ» አሏቸው።

ከምባታ ያለው የወረዳ ሹመታቸው በዚያው ሳምንት ለሌላ ሰው ተሰጠ።