ለሙሉነህ ጊታር የገባው አግዳሚ

ሙሉነህ በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. በኦጋዴን ድንበር ጦርነት ወደቀ፤ አስከሬኑ ወደ አገሩ ወደ ነገሌ አልተመለሰም። ለእናቱ ለወለተሐና የቀረላት ጊታሩ ነበር። ጥሊያን ጥሎት በሄደ የሲጋር ሳጥን ላይ የመጥረጊያ እጀታ ሰክቶ፣ የስልክ ሽቦ ወጥሮ የሠራው ነው። እሷ መጫወት አታውቅም። ጧት ጧት ከጸሎቷ በኋላ አንዱን ሽቦ ነካ ታደርግና ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ታዳምጣለች።

በጋው ሲበረታ የሳጥኑ ክዳን ሽቦውን ከሚሸከመው ብርኩማ ሥር ጎደጎደ። ባሏ ገብረአምላክ አናጢ ነውና አየው።

«ከውስጥ ደጋፊ ካልገባለት ይሰበራል።»

«አይንኩት። ልጄ እንደተወው ይቀመጥ።»

«ሲሰበርስ ምን ይቀመጣል?»

ጊታሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ሰጠችው።

ገብረአምላክ ክዳኑን በቢላዋ ጫፍ ፈለቀቀው። ውስጡ የልጁ የጣት አሻራ ያረፈበት የደረቀ ሙጫ ነበር፤ ጣቱን በላዩ አሳረፈ። የከተማውን ሰው ሬሳ ሣጥን ሁሉ የሠራ እጅ ለገዛ ልጁ አንዲት ጣውላ አላቀናም። ስለዚህ የቀረውን ደህና ጥድ አወጣ። ከክዳኑ ሥር ወፍራም አግዳሚ አጋደመ፤ ሰያፍ ድጋፍ ጨመረ፤ ሁሉንም በሙጫ አጣበቀ፤ ሚስማርም መታበት።

ጎረቤቱ ጃታኒ ግመሎቹን እየነዳ ሲያልፍ ቆሞ በኦሮምኛ ሰላም አለው። ከመርዶው ወዲህም ገብረአምላክን በልጁ ስም የሚጠራው እሱ ብቻ ነበር።

«አካም፣ አባ ሙሉነህ! ናጋ? ይሄ ጊታር ነው ወይስ የጅብ መከላከያ?»

«ሂድ፣ ግመልህን አጠጣ! ይሄ እኔንም አንተንም ይቀብራል።»

«ይቀብራል፣ ይቀብራል። ግን ከበሮ ውስጥ ምሰሶ የሚያቆም ሰው አይቼ አላውቅም።»

ገብረአምላክ ሳቀ። ከመርዶው በኋላ የሳቀው ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ወለተሐና ሽቦውን ነካች። ጣት ግንድ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣና ወዲያው ጠፋ። ጆሮዋን አስጠግታ ደገመችው።

«ጠንክሯል እኮ» አለ ገብረአምላክ። «ብትቆሚበትም አይሰበርም።»

«ድምፁስ? ድምፁን የት አደረሱት?»

ያን ጊዜ ገባው። ክዳኑ እየጎደጎደም ቢሆን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚናገረውም ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሚስማሩን ነቅሎ አግዳሚውን ሊያወጣ ጉጠቱን አነሣ፤ ገና ሲስበው ስሱ ክዳን ከጥዱ ጋር ተጣብቆ መሰንጠቅ ጀመረ። ወለተሐና እጁን ያዘችው።

«ይተዉት። መልኩ እንኳ ይትረፍልኝ።»

ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። በማግሥቱ ከጸሎቷ ስትነሣ ወደዚያ አልዞረችም። ገብረአምላክ በደጅ መጋዙን ይዞ፣ እሷ ሽቦውን ታዳምጥበት በነበረው ሰዓት ድምፅ ላለማሰማት ሥራውን ሳይጀምር፣ ፀሐይ ጀርባውን እስክታሞቀው ቆሞ ጠበቀ።