ጠዋት የማይጨበጥ እጅ

ሰው ሲታመም ይታከማል፤ ይርጋለም ግን ሳትታመም መድኃኒት ዋጠች ተብሎ ከወረታ ገበያ እስከ ሐይቁ ዳር ተወርቶብኛል። ያውሩ፤ የሰው አፍ አይከደንም። ያደረግሁትን አውቄ ነው ያደረግሁት፣ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባጃጅ ወረታ ላይ እንደ አሸን በፈላበት፣ ቀበሌው አንድ ለአምስት እያለ በሚሰበስበን ዘመን ነው። የሩዝ አረም ላይ ነበርን። ጠዋት ስነሳ የሁለቱም እጄ ጣቶች አልጨበጥ ይሉኛል። አመመኝ እንኳ አይባልም፤ ዝም ብለው ይገትራሉ። እሳቱ ነዶ፣ ቁርሱ ቀርቦ፣ ከብቶቹ ወጥተው ሲያበቁ ይለቁኛል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሜ ሳርም እውላለሁ፤ ያየኝ ሰው በሽተኛ አይለኝም።

ባሌ ቢሻው ከጭቃው ነው አለ። ጎረቤቱ ደግሞ ብርድ ነው፣ ወንዛዬ ሄደሽ ፍል ውሃው ውስጥ ተዘፍዘፊ አለኝ። ሄድሁ። ፍል ውሃው ደስ ይላል፣ አይካድም፤ እዚያ እስካለሁ ድረስ እጄ እንደ ቅቤ ለስልሶልኝ ነበር። ቤቴ ተመልሼ ብዙም ሳልቆይ ያው ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ይሆናል። እኔ ግን የእናቴ የደብረወርቅ ልጅ ነኝ። የእናቴ ጣቶች ወደ ጎን ተጋድመው፣ አንጓዎቻቸው አብጠው ቀርተዋል። ውሃ የምትጠጣው ጣሳውን በሁለት መዳፏ አቅፋ ነው። ጸጉሯን የምንሠራላት እኛ፣ መቀነቷን የምናስርላት እኛ ነን። እንዴት እንደጀመራት ስትናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ አንቺን አዝዬ ሳርም፣ ጠዋት ጠዋት እጄ አልጨበጥ ይለኝ ነበር ትላለች። አንድ ቀን እጄን እሳት እያሞቅሁ ይህ ቃሏ ትዝ አለኝ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድሁ፤ እነሱም ወደ ባሕር ዳር ጻፉልኝ።

እዚያ ያገኘችኝ ሐኪም ፀገነት ትባላለች፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ደሜን አስመርምራ፣ ጣቶቼን አንጓ በአንጓ ጫን ጫን እያደረገች አየቻቸው። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚያጠቃበት በሽታ አለ፤ ደምሽ ላይ ምልክቱ ታይቷል፤ እጅሽ ላይ ግን ገና ጥቂት እብጠት ነው ያለው አለችኝ። ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል። ብፈልግ እየተመላለስሁ እየታየሁ እጠብቃለሁ። ብፈልግ ደግሞ ካሁኑ መድኃኒት እጀምራለሁ፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ነው፣ ጉበት እንዳይጎዳ ደም በየጊዜው ይታያል፣ ጠላም አረቄም የለም። ከሁሉ የባሰው፣ መድኃኒቱ ላይ እያለሁ ማርገዝ አይሆንም። ልጄ አራት ዓመት ሞልቷት ሁለተኛ ልንደግም እኮ ነበር።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አልኋት።

«የተጣመመ ጣት መልሼ ማቃናት አልችልም» አለችኝ። «ያልተጣመመውን ግን ላቆየው እችል ይሆናል። እርግጠኛ ነኝ ብልሽ ግን ውሸት ነው።»

እንዲህ በማለቷ አመንኋት። እርግጠኛ ነኝ ብትለኝ ኖሮ መድኃኒቷን እዚያው ትቼላት እመጣ ነበር።

ቢሻው ሁለተኛው ልጅ ሊቆይ ነው ሲባል አኩርፎ ሰነበተ። እኔስ አልፈለግሁም እንዴ? እንዲያውም ከእሱ ይልቅ የምመኘው እኔ ነበርሁ፤ ለብቻዬ ሆኜ አልቅሻለሁ። ኋላ ራሱ መጥቶ፣ የእናትሽን እጅ ስንት ዘመን አይቻለሁ፣ ልጁ ይደርሳል አለኝ። ባል ይሏል ይህ ነው። እንቢ ያለችኝ እናቴ ናት።

እንቢ ማለቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ታናሽ እህቴን ምኞትን ሊያጯት ከአንድ ቤት ሽማግሌ መላላክ ተጀምሮ ነበር። እኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ መጀመሪያ አጥንት ይቆጠራል፤ ከዘራቸው ቁምጥና አለ ወይ ተብሎ በዘወርዋራ ይጠየቃል። የተጣመመ ጣት ያየ ደግሞ ከቁምጥና ሌላ አያስብም። ስለዚህ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እጇ ከነጠላዋ ሥር ነው፣ ለቅሶ ስትደርስም ከነጠላዋ ሥር ነው። የጠየቃት ቢኖር ወድቄ ተሰብሬ ነው ትላለች። ሁለቱንም እጅ የሚሰብር አወዳደቅ ምን ዓይነት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

እናቴ የፈራችው ይህን ነው። አንቺ ክኒን ስትውጪ ካዩ ከእናቷ ወረሰች ይላሉ፣ ምኞት ቆማ ትቀራለች አለችኝ። ምን ሆነሻል፣ ታርሚያለሽ፣ ታጭጃለሽ፤ ቢያንስ ሠርጉ እስኪያልፍ ጠብቂ አለችኝ። እኔ ደግሞ አውቃታለሁ። ከሠርጉ በኋላ እስክትወልድ ይባላል፣ ከወለደች በኋላ ልጆቹ እስኪዳሩ ይባላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ያሳደጉን እኮ እነሱው ናቸው!

ንዴቴ ሲበርድልኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እምዬ፣ ያኔ ለምን አልታከምሽም?» አልኋት።

«ሐኪም ቤት ስገባ ያዩኝ እንደሆን ቆማጣ ናት ይሉኛል ብዬ።»

«ሳትገቢስ ምን አሉሽ?»

ያሉትን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ነጠላዋን በክንዷ ሳብ አድርጋ ፊቷን አዞረች። ይህን ያየ ሰው እንዴት ይጠብቃል? በዚያው ሳምንት ጀመርሁ። እንዳልረሳው ብዬ ቀኑን እሑድ አደረግሁት፤ ከቅዳሴ መልስ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ እያየኝ እውጣለሁ። ሆዴን ያቅለሸልሸኛል፣ በማግስቱም ይደክመኛል፤ አልዋሽም።

ወሬው ምኞትን የሚያጯት ሰዎች ጆሮ ደረሰ፤ እኔ ባለሁበት ቀን አያ አድማሴን እናቴ ቤት ላኩ። አያ አድማሴ ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ግን መንገዳቸው ረጅም ነው። ስለ ከብቱ ጠየቁ፣ ስለ ጎርፉ ጠየቁ፣ ስለ ሩዙ ዋጋ ጠየቁ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ያመመሽ ነገር አለ መሰል አሉኝ። እናቴ በዓይኗ ለመነችኝ። አሁን መዋሸት ቀላል ነበር፤ ጨጓራ ነው ብል ያልቃል። ግን ዛሬ ጨጓራ ካልሁ ነገ ነጠላ ሥር መግባቴ ነው።

«ቁምጥና አይደለም፣ አያ» አልኋቸው። «የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእናቴም ይኸው ነው። ዘር ይዞ ይሄዳል ወይ ካሉኝ፣ ሊሆን ይችላል ብለውኛል፤ የዘሩ ሁሉ ግን አይያዝም። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው የምውጠው።»

እሳቸው ጢማቸውን እየዳበሱ እስቲ ላማክር ብለው ተነሡ። አልተመለሱም። ሰው ሲጠይቃቸው ዘንድሮ ቸኩለናል ይላሉ አሉ።

ምኞት ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አንድ ቃል ሳትናገረኝ ከረመች። እናቴ ቤት ስሄድ ትወጣለች፣ ገበያ ላይ ሳገኛት መንገድ ትቀይራለች። የእህቴን ዕድል በገዛ አፌ ሰበርሁት እያልሁ ተብሰለሰልሁ። እሑድ ሲደርስ ግን ዋጥሁ። ክኒኑን መተዌ ዕድሏን አይመልስላትም።

ለደም ምርመራ ባሕር ዳር የምሄድበት ቀን ደረሰና ማለዳ ወረታ መናኸሪያ ቆሜ መኪና ስጠብቅ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ የክት ጫማዋን አድርጋለች። ልትሰድበኝ መሰለኝ፤ ስደቢኝ፣ ይገባሻል ብዬ ልጀምር ነበር።

«እትዬ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት እጄ አልጨበጥ ይለኛል» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሽማግሌ ሳይላክ በፊት።»

እጇን ያዝሁት። የመሃል ጣቷ አንጓ ሞቅ ብሎ አብጧል። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ብላ እንደ እኔ ስታርም ከርማለች። ረዳቱ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ሲል ወደ መኪናው ስቤ አስገባኋት።

«ለእምዬ እንዳትነግሪያት» አለችኝ ከተቀመጥን በኋላ።

«ማታ ስንመለስ አብረን እንነግራታለን» አልኋት።