ጎታ ውስጥ የተደበቀው ሳጥን

ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሐል፣ በዱላ ተቀጥቅጦ ሲገደል አጠገቡ ቆመህ ስታበቃ «አላየሁም» ብለህ ትምላለህ?

አርብ ገበያ ላይ ሁለት መቶ ሰው ማለ። የሞተው ባዩ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ። ከብት ተራው ውስጥ «የበሬ ሌባ» ብለው ጮኹበት። ከወደቀ በኋላም አልተዉትም። ስንገንዘው መንጋጋው አልገጥም ብሎን በመቀነት አስረን ነው የዘጋነው። ባዩ በሬ አልሰረቀም፤ በሬ ሊገዛ የሄደ ሰው ነበር። ጥፋቱ ገብሬ የሚባል ጎረቤቱ ወሰን አልፎ ስላረሰበት መክሰሱ ብቻ ነው። ይህንን የማያውቅ በዚያ አገር የለም።

በሳምንቱ አውጫጭኝ ተጠራ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ አገሬው ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ እየተነሣ ምሎ ያየውን ይናገራል። ሰብሳቢ ሆነው የተቀመጡት አቶ ፈንታ ናቸው፤ የገብሬ አባት። «ልጃቸው የሟች ባላጋራ ነው» ብል «እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ተው» ተባልሁ። ክርስቲያኑን መስቀል፣ እስላሙን ቁርኣን እያስያዙ አስማሉ። አንዱ ጨው ሲያስመዝን ነበር። አንዱ አህያው በጥሳበት ሲከተላት ነበር። አንዱ ዐይኑ አቧራ ገብቶበት ነበር፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ ያልወጣ አቧራ። እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ የኮምፒውተር መምህር ነኝ፤ ዕለቱን ገበያው ውስጥ አልነበርሁም። ቁጭ ብዬ የሁለት መቶ ሰው ውሸት ሰማሁና ተመለስሁ።

ከአውጫጭኙ በኋላ በአምስተኛው ቀን ይማም ደወለልኝ። ከብት ተራው ፊት ለፊት ጨርቅና ስልክ የሚሸጥ፣ ሰርግ የሚቀርጽ ሰው ነው። «መምህር ጌዲዮን፣ የሰርግ ቪዲዮ የማስቀምጥበት ሳጥን ተበላሸብኝ። ብትመጣ» አለኝ። ድምፁ የሰርግ ጉዳይ አይመስልም። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ሄድሁ።

ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤቱ አስገባኝና በሩን ቀረቀረ።

«ከሱቄ በር በላይ ካሜራ አለ» አለ። «ከብት ተራውን ያያል። የቀረጸው ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚገባ። ያ ዓርብም አለ።»

«አውጫጭኙ ላይ ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር፣ ጋሽ ይማም። አላየሁም ብለው ማሉ።»

«ማልሁ። ዐይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«አንተ ስትጨፍን ማሽኑ አልጨፈነም» አለች ሚስቱ ሰልማ ከጓዳ። «ንገረው እንጂ። ለእሱ ብለህ አይደል የጠራኸው።»

ልመታው ነበር። እውነቱን ልናገር፤ እጄ ተነሥቶ ነበር። ያስቀረኝ ሳጥኑ የት እንዳለ አለማወቄ ነው።

ሳጥኑ ጎታ ውስጥ ነበር። ይማም የገብሬን ሰዎች ፈርቶ፣ ገብሱን እስከ ወገብ አጉድሎ፣ ሳጥኑን እላዩ ላይ አስቀምጦ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ ከድኖታል። ያውም ሳያጠፋው፤ የመብራቱን ገመድ በጎታው ጎን አሹልኮ። «ካጠፋሁት የቀረጸው የሚጠፋ መሰለኝ» አለ። አሥር ቀን ሙሉ ያ ማሽን በገብስ ትኩሳትና በእብቅ ታፍኖ ሲሠራ ከርሟል። ከአራት ቀን ወዲህ ደግሞ ይጮኻል።

«ጎረቤቴ ጎታችሁ ውስጥ ምንድን ነው የሚያፏጭ ስትለኝ አይጥ ነው አልኋት» አለች ሰልማ። «አይጡን ብትድሪው ይሻልሻል፣ ሰርግ ሰርግ ይላል አለችኝ።»

አውጥቼ በደንቡ አጠፋሁትና ከፈትሁት። የማቀዝቀዣው ፋን በእብቅ ተጠቅጥቆ ቆሟል። ውስጡ አራት ሃርድ ዲስክ አለ። የዚህ ዓይነት ሳጥን የተሰጠውን ሁሉ ለአራቱም ያካፍላል፤ አንዱ ቢሞት ሦስቱ ተጋግዘው የጎደለውን ይሞላሉ። ሁለተኛ ከሞተ ግን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የሦስተኛው መብራት ቀይ ነበር። ጠርጌ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰክቼ አበራሁት። ያው ቀይ። እንደገና አጥፍቼ ሦስተኛውንና አንደኛውን ቦታ አለዋወጥኋቸው። ቀዩ መብራት ዲስኩን ተከትሎ ሄደ። እንግዲያው ገመዱም ማስገቢያውም ደኅና ነው፤ የሞተው ዲስኩ ራሱ ነው። ጆሮዬን ባስጠጋ ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል። ነቅዬ አወጣሁት።

«አዲስ ዲስክ አለኝ» አለ ይማም። «እሱን ክተትና ይለቅ።»

«አይሆንም።» የቀሩትን ሦስቱን መርምሬ ነበር፤ አራተኛውም መታመም ጀምሯል፣ የማይነበብ ቦታው እየበዛ ነው። አዲስ ዲስክ ባስገባ ሳጥኑ የጎደለውን ለመሙላት ሦስቱን ከዳር እስከ ዳር ቀኑን ሙሉ ያነባቸዋል። የታመመው ያንን አይችልም። ሲሞት ባዩ ሁለተኛ ይሞታል። «መጀመሪያ የዚያን ዓርብ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ እናውጣ። ሌላው ሰርግ ገደል ይግባ።»

ካሜራው በየደቂቃው እየቆረጠ ነው የሚያስቀምጥ። ግድያው አሥራ አራት ቁራጭ ነው። መገልበጥ ጀመርሁ። የታመመው ዲስክ አንዷን ቁራጭ ለማንበብ አምስትና ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ይግላል፣ ይንተባተባል፣ ይቆማል። ሰልማ ሰፌድ አምጥታ እላዩ ላይ ታራግብ ጀመር። አልተጠየቀችም። ይማም ግድግዳ ተደግፎ ጣቶቹን ይቆጥራል።

የሟች ወንድም ይማም ቤት ገባ መባሉን አርብ ገበያ ለመስማት አንድ ሰዓት በቂ ነው። ዘጠነኛው ቁራጭ እንዳለቀ በሩ በእርግጫ ተከፈተ። ገብሬ ነው፤ ከሁለት ሰዎች ጋር፣ ዱላ ይዘዋል።

«መምህር፣ ሰርግ አለ እንዴ?» አለ እየሳቀ። «ጭፈራውን እኛም እንየዋ።»

«ለቅሶ ነው።»

«አልቅሰህ አልበቃህም?»

ይማም «ወላሂ ገብሬ፣ የሰርግ ነው» ብሎ መሐል ገባ። ገብሬ አፉን በዱላ ጫፍ አለው። ጥርሱ ሲረግፍ ሰማሁት፤ እንደ ጠጠር ነው የሚሰማ። ዐይናቸው እሱ ላይ ሳለ ፍላሹን ነቅዬ ግራ እጄን እስከ ክርኔ ጎታው ውስጥ ሰደድሁና ገብሱ ውስጥ ለቀቅሁት። በዚያው ቅጽበት ዱላ ግራ ክንዴ ላይ ወረደ፤ አጥንቴ ሲሰበር ከሕመሙ በፊት ድምፁ ደረሰኝ። በቀኝ እጄ አጠገቤ የተቀመጠውን የሞተ ዲስክ አነሣሁ፤ ከግማሽ ኪሎ የማያንስ ብረት። በማዕዘኑ ገብሬን ግንባሩ ላይ አሳረፍሁበት። ግንባሩ ተከፈተ፤ ደሙ ዐይኑን ሞላው። ደገምሁት። ሁለቱ ሰዎች ከላዩ እስኪጎትቱኝ ሦስተኛም ጨምሬለታለሁ። አልጸጸትም። ከዚህ አንቀጽ ውስጥ ይቅርታ የሚፈልግ ሰው ካለ ሌላ ቤት ይፈልግ።

ከዚያ እኔንም ይማምንም እስኪበቃቸው ደበደቡን። ሰልማን በጡጫ ጓዳ ጣሏት። ሳጥኑን መሬት ላይ ዘርግተው ዲስኮቹን አንድ በአንድ በድንጋይ ፈጠፈጧቸው። ገብሬ ግንባሩን በነጠላው ይዞ «አሁን ምን ቀረህ?» አለኝ።

ሲሄዱ ሰልማ ከንፈሯ እየደማ ገብሱን በሰፌድ እየሰፈረች ታበጥር ጀመር። ፍላሹን በአራተኛው ሰፌድ አገኘችው።

ዘጠኝ ደቂቃ ነው ያለኝ። ድምፅ የለውም። አያስፈልገውም።

በሁለተኛው ደቂቃ ገብሬና ሰዎቹ ባዩን ይከቡታል። ባዩ ጀርባውን ለጋሪ ሰጥቶ ዱላውን አንሥቶ ቆሟል። አይደፍሩትም፤ በጉርምስናው ያውቁታል። በሦስተኛው ደቂቃ አቶ ፈንታ ሰዉን ከፍለው ይገባሉ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ባዩ ፊት ቆመው ቀኝ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ይህንን እጅ አገሬው ሁሉ ያውቀዋል። ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ መሐል ገብቶ እጁን ከዘረጋ ዱላህን ታስረክባለህ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነካህ ሽማግሌውን ነካ። እንዲህ ተብለን ነው ያደግን። ባዩ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በሁለት እጁ፣ ዱላውን ሰጣቸው።

አቶ ፈንታ ተቀበሉት። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ።

ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ደቂቃ ያለውን አልጽፈውም፤ መንጋጋውን ያሰርሁት እኔ ነኝ። በስምንተኛው ደቂቃ የገብሬ ዱላ ባዩ ትከሻ ላይ ተሰበረ። ገብሬ ባዶ እጁን ዞረ። አቶ ፈንታ የባዩን ዱላ አቀበሉት።

ይህንን ለአገሬው ሽማግሎች አሳየሁ፤ አቶ ፈንታም ትናንት ሦስት ሰዎች ልከውብኛል። «በወጉ ነው የተቀበሉት፣ ሊገላግሉ ነበር» አሉኝ። «ቪዲዮው ጎደሎ ነው፣ አምስት ደቂቃ የለውም፣ ምናልባት ኋላ ከልክለው ይሆናል» አሉኝ። «ነገሩ በእልፍኝ ይለቅ፣ ስማቸው ይጠበቅ» አሉኝ። የተሰበረ ክንዴን አይተው ነው እንዲህ ያሉ። አምስቱን ደቂቃ በድንጋይ የፈጠፈጠው ልጃቸው ነው፤ ጎደለ ብለው መክሰስ አይችሉም። እልፍኝ አልገባም።

አቶ ፈንታ፣ የፊታችን ዓርብ አውጫጭኙ እንደገና ይቀመጣል። መስቀሉን የሚያስይዙት እርስዎ አይሆኑም፤ የሚይዙት ይሆናሉ። ከብት ተራው ላይ፣ የማለው ሁለት መቶ ሰው ባለበት፣ ጋቢዎን አውርደው ይቁሙና ይመልሱ፤ ወንድሜ አምኖ የሰጠዎትን ዱላ ለምን ተቀበሉት? ለማንስ ሰጡት?