ቬሎ የለበሰችው ጽጌረዳ

ልብስ ሰፊዋ በረንዳው ላይ በማሰሮ ከተተከለችው ጽጌረዳ የደረቀ ቅጠል ልትቀነጥስ ግንዷን ያዝ ብታደርጋት ተነቅላ እጇ ላይ ቀረች። አልጎተተቻትም፤ ማዪ ቢሏትም ትምላለች። ከሥሯ የተረፈው ሁለት ሦስት ቀጫጭን ክር ብቻ ነበር።

«ጉድ ፈላ!» አለች ጮክ ብላ።

ጽጌረዳዋ የአማቷ ናት። አማቷ እግራቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ፣ እስኪያገግሙ ደረጃ የሌለው ቤት ይሻላል ተብሎ ሴት ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ሲሄዱ ምራታቸውን በረንዳው ላይ ጠርተው «ልጄን ሰጥቼሻለሁ፤ ይቺን ግን አደራ ብቻ ነው የምልሽ» ብለዋት ነበር። ከእናታቸው ደጃፍ ቀንጥሰው ያመጧት እንደሆነች ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይተርካሉ። ምራትየው እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ የአማቷ ምላስ ሳይነካው ያለፈ ሥራ የላትም፤ አልጋ ብታነጥፍ ተጨማዶ፣ መጋረጃ ብትሰፋ ተንጋዶ ይታያቸዋል። አሁን ደግሞ አደራ በላ ከተባለች እድሜ ልኳን መተረቻ ሆና መቅረቷ ነው።

«ውሃ ጠምቷት ይሆን እንዴ?» አለ ባሏ ከኋላዋ መጥቶ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ሥራ ሊገባ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። «ግን እኮ ጠዋት ጠዋት አጠጣታለሁ።»

«አንተ? እኔስ ማታ ማታ የማጠጣት ማንን ኖሯል?»

ልጃቸው ቦርሳዋን አንግታ ብቅ አለች። «እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ…» አለችና ድምጿ ሟሸሸ። «ጠውልጋ ሳያት አሳዘነችኝ።»

ሦስቱም ተያዩ። ለካ ሁሉም የአሮጊቷን ቁጣ እየፈራ፣ አንዱ ላንዱ ሳይተነፍስ፣ ምስኪኗን ጽጌረዳ ውሃ ሲግታት ከርሟል!

ልብስ ሰፊዋ ግን ጥርጣሬ ገባት። አፈሩ እንዲህ ርሶ ተክል በጥም አይጠወልግም። ላስቲክ ዘርግታ ማሰሮውን ገለበጠችው። ከጭቃው ውስጥ ራሳቸው ቡናማ የሆነ ድንቡሽቡሽ ያሉ ነጫጭ ትሎች ኩርምት እንዳሉ ወጡ። ልጅቷ ጮኸች፤ አባትየው ደግሞ ከልጅቷ ቀድሞ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ሥሯን ሲግጡ የከረሙት እነዚህ ናቸው» አለች ልብስ ሰፊዋ። የቅጠሎቹ ጠርዝ ተበልቶ ባየች ጊዜ ልጇ በመቀስ የተጫወተችባቸው መስሏት ተቆጥታት ነበር። «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ። ያቺ ማታ ማታ አምፖሉ ላይ የምትጋጨው ጢንዚዛ ናት። ቅጠሉን ራሷ ትበላለች፣ ሥሩን ለልጆቿ ትተዋለች።»

«በቃ አትጨነቂ» አለ ባልየው። «ልክ እሷን የመሰለች ቀይ ገዝቼ እመጣለሁ። እማዬ በየት በኩል ታውቃለች?»

ሐሳቡ አማለላት። ውሸት ነው፤ ግን ሰላም ያለው ውሸት ነው። ላስቲኩ ላይ የሚንፈራገጡትን ትሎች አየች።

«አዲሲቷንስ አይበሏትም? ደግሞ የሰው አደራ በሌላ አልተካም። ይልቅ ባልዲውን አቀብለኝ።»

ያን ቀን ስፌት መኪናዋ ተከድኖ ዋለ። ስፌት ስትፈታ በምትጠቀምበት ወረንጦ ትሎቹን እያነሳች የሳሙና ውሃ ውስጥ ከተተቻቸው። የተረፈውን ሥር በሳፋ ውስጥ አጠበች፤ ግንዱን አሳጥራ ቆረጠች፤ የሌሎቹንም ማሰሮዎች አፈር ፈተሸች። የተበከለውን አፈር ጠቅልላ ጣለችና ማሰሮዎቹን ፈግፍጋ በአዲስ አፈር መልሳ ተከለች። አመሻሽ ላይ፣ ጥፍሯ ሥር ጭቃ እንደሞላ፣ አማቷ ደወሉ።

«ጽጌረዳዬ እንዴት ናት?»

«እማማ፣ ሥሯን ትል በልቶባታል። አጥቤ መልሼ ተክያታለሁ። ትዳን አትዳን አላውቅም።»

«እሺ» አሉና ስልኩን ዘጉት። ይህ «እሺ» ከስድብ ሁሉ የባሰ አስፈራት።

ከዚያ ወዲያ ውሃ ማጠጫው በእሷ ቁጥጥር ሥር ዋለ። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትሰዳለች፤ ደረቅ ሆኖ ካላገኘችው ጠብታ አታፈስም። ቀናት አለፉ። ጽጌረዳዋ የተተከለ እንጨት መስላ ቆመች፤ ባልየው ሲያልፍ ከንፈሩን ይመጥላታል። አንድ ጠዋት ግን ከግንዷ ጎን ቀላ ያለ ነገር ብቅ ብሎ አየች።

«አቆጠቆጠች!» ብላ በረንዳውን አናወጠችው። ባልየው የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ ሮጠ፤ ሦስቱም ተቃቅፈው ጨፈሩ።

አማቷ ሲመለሱ፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ደግፎ፣ ሳይቀመጡ ወደ በረንዳው አመሩ። የማሰሮዎቹ አፍ ሁሉ በነጭ ስስ ጨርቅ ተሸፍኗል።

«አበቦቼን ዳርሻቸው እንዴ?»

«ከሙሽራ ቬሎ የተረፈ ቁራጭ ነው እማማ። ጢንዚዛዋ አፈሩ ላይ እንቁላል እንዳትጥል ብዬ ነው።»

አማቲቱ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ለምለሞቹን ቅጠሎች አገላብጠው ሲያዩ ቆዩ። ልብስ ሰፊዋ የሚወርድባትን ለመቀበል ቆመች።

«የእናቴ ጽጌረዳ ድሮ ነው የሞተችው» አሉ በድንገት። «ይቺን ከገበያ ነው የገዛኋት። ከእሷ በፊት የነበረችውንም።»

«እማዬ!» አለ ልጃቸው። «ልጅ ሆኜ በኳስ ሰበርካት ብለሽ የገረፍሽኝስ?»

«ያቺ ሁለተኛዋ ነበረች» አሉ ሳያፍሩ። «በሞተች ቁጥር እዚያው አፈር ላይ ሌላ እተክላለሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን ትል ስቀልብ ኖሬያለሁ ማለት ነው!» ምርኩዛቸው ላይ እስኪደገፉ ድረስ ሳቁ። ከዚያ ምራታቸውን ቀና ብለው አዩ። «እዚህ ቤት ሞተች ተብላ የዳነች ጽጌረዳ ይቺ የመጀመሪያዋ ናት። እጅሽ ይባረክ።»

ልብስ ሰፊዋ ከእኚህ ሴት አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም።

«በይ አሁን ማጠጫውን አቀብዪኝ» አሉ አማቷ እጃቸውን እየዘረጉ። «ጠምቷታል።»

ጣቷን በጨርቁ ሥር አስገብታ አፈሩን ነካች። ርጥብ ነው። ማጠጫውን አነሳችና ወደ ውስጥ ገብታ ስፌት መኪናዋ ሥር አስቀምጣው ተመለሰች።

«አልጠማትም እማማ። ከዛሬ ጀምሮ እኔን ሳይጠይቅ ማንም አያጠጣትም። እርስዎም ጭምር።»

ባልየው ምራቁን ዋጠ።

አማቲቱ «እሺ» አሉና የተዘረጋ እጃቸውን ሰበሰቡ።