ከጎደሬው ሥር ያለው ከረጢት

ካሎሪብ ከረጢቱን ከሚዛኑ ላይ አንስቶ ሣሩ ላይ ወረወረው።

"አክስቴ፣ ይሄ አይሄድም።"

"ለምን? ነከሰህ?" አለች ሌይማራ።

"ኮፕራ በአውሮፕላን ክልክል ነው። ከውስጡ ይሞቅና ክብሪት ሳይነካው ይነድዳል።"

"የደረቀ ኮኮናት እኮ ነው! ቦምብ መሰለህ? እኔ ኮፕራ ላይ እየተኛሁ ነው ያደግሁት። አንተንም ያሳደገህ የኮፕራ ገንዘብ ነው። ዛሬ ቆብ ስላደረግህ ፈራኸው?"

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ካሎሪብ ግን አልሳቀም፤ የዚያ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ሠራተኛ እሱ ብቻ ነው፣ መዝኖ የሚያሳፍረውም የሚመልሰውም እሱ።

ሌይማራ ብትናደድ አይፈረድባትም። መርከብ ከቀረ ወራት አልፈዋል፤ የመንደሩ ኮፕራ በየመጋዘኑ እየሻገተ ነው። ዋና ከተማው ፖርት ቪላ ያለው ነጋዴ ደግሞ፣ "ናሙናውን በዓይኔ ሳላይ መርከብ አልልክም" ብሏል። በዓይኑ! ወንበሩ ላይ ተዘፍዝፎ። ነገ ወደ ሌላ ደሴት ሊሄድ ነው፤ ዛሬ ካልደረሰችበት አለቀ።

ካሎሪብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አምና የጎረቤታችንን የነማሴንግን መጋዘን ምን ያቃጠለው ይመስልሻል?"

"መተት ነዋ።"

"በደንብ ያልደረቀ ኮፕራ ነው፣ አክስቴ።"

ሌይማራ እንደሚከለክላት ሰምታ ስለነበር ሌላ ከረጢት ቅርጫቷ ውስጥ፣ ከጎደሬው ሥር ቀብራለች። ቅርጫቱን ካሎሪብ ጎደሬ ነው ብሎ አሳልፎላታል። ያኛውን ኮፕራ ዝናቡ ፋታ ስለነሳት ሳይደርቅ ነበር የከተተችው።

አውሮፕላኑ አረፈ። የማሴንግ ምራት ሕፃኗን ታቅፋ ቀደመቻት። ሌይማራ ቅርጫቷን ልታነሳ ጎንበስ ስትል እጇን ከጎደሬው ሥር ሰደደች።

ከረጢቱ ሞቋል። ቅርጫቱ ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ውስጥ ነበር የቆየው።

ሕፃኑ በእናቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ለሃጩን እያዝረበረበ ሌይማራን አያት።

"ኤጭ!" አለች። ከረጢቱን መዥርጣ አወጣችው። "ካሎሪብ! ና፣ ይሄንንም ውሰድ። አንድ ቃል እንዳትተነፍስ!"

ካሎሪብ ወስዶ ከአውሮፕላኑ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው።

"ጎደሬውስ? ይፈነዳል?"

"አይፈነዳም፣ አክስቴ።"

"እግዜር ይስጥህ!" እግሯን መወጣጫው ላይ አደረገች። "ስመለስ ሁለት ወንበር ያዝልኝ። ነጋዴውን ጆሮውን ይዤ ነው የማመጣው፣ ኮፕራውን እዚሁ በዓይኑ ይይ፤ ያኔ እሱን መዝነው።"