የእስከዳር ያልታረቀ ሒሳብ

እስከዳር መርካቶ፣ አብነት ሰፈር አጠገብ ባለው ሱቋ ባልዲና ሳፋ በጅምላ ትሸጣለች። ከጦርነቱ በፊት ግማሹ ዕቃዋ የሚጫነው ወደ መቀሌ ስለነበር ደንበኞቿ እዚያው ገቢ እንዲያደርጉላት ብላ መቀሌ ቅርንጫፍ ሒሳብ ከፍታ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ ሒሳቡ ታገደ። ያኔ አልተነጫነጨችም። ስንቱ ልጁን እየቀበረ ስለ ባልዲ ገንዘብ ማውራት አሳፈራት።

ያንገበገባት ከሰላሙ በኋላ የመጣው ነው። ስምምነቱ ከተፈረመ ወራት አልፈዋል። ትናንት ጠላት ሲባሉ የነበሩት፣ ተሸነፉ የተባሉት ሰዎች በአውሮፕላን እየመጡ ከሚኒስትሮች ጋር ይተቃቀፋሉ። በጀት ተለቀቀላቸው፣ የመልሶ ግንባታ ገንዘብ ተመደበላቸው ይባላል። ይህ በተባለ ቁጥር እስከዳር ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ባንክ ትሮጣለች።

"እትዬ እስከዳር፣ ደብዳቤ አልመጣም" ይላታል ብሩክ፣ ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ።

"ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብለኸኛል እኮ!"

"ባለፈው ሳምንትም አልመጣም ነበራ።"

"የሌላው ሰው ተከፍቶ የለም እንዴ?"

"የእርስዎ የንግድ ነው። እርስዎ ደግሞ እዚያ አይኖሩም። መጣራት አለበት።"

"ምኑ ነው የሚጣራው? ጠላትን በባልዲ አስታጠቅሽ ልትሉኝ ነው?"

ብሩክ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ወረቀት አገላበጠ። ዋናው መሥሪያ ቤት ስትሄድ ወደ ብሩክ መለሷት። ማመልከቻዋ ጠፋ፤ ሌላ ጻፈች። ፋይሉን የያዘው ሰውዬ ሥልጠና ላይ ነው ተባለች፤ ሲመለስ ደግሞ ተዛውሯል።

በዚህ መሀል የመርካቶ ነጋዴዎች ለመልሶ ግንባታው እንዲያዋጡ ስብሰባ ተጠሩ። መድረኩ ላይ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣንና ከመቀሌ የመጡ አቶ ወልደብርሃን የሚባሉ ሸበቶ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኚህ ሰው በጦርነቱ ጊዜ በመንግሥት በጥብቅ የሚፈለጉ ነበሩ፤ አሁን እዚያ ሹመት አላቸው። ባለሥልጣኑ ስለ ይቅርታ ረዘም አድርጎ ተናገረና "እንግዲህ እጃችሁን ዘርጉ" አለ።

እስከዳር እጇን አወጣች። ጎረቤቷ ሙደሲር፣ የብርድ ልብስ ነጋዴው፣ ቀሚሷን ጎተተ። "እስክዬ፣ ተይ በአላህ!"

"እኔ ብሰጥ ደስ ይለኛል" አለች ብድግ ብላ። "ገንዘቤን ግን እናንተው ይዛችሁታል። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የእሳቸው ሒሳብ ተከፍቷል?"

ባለሥልጣኑ "ይሄ የግል ጉዳይ ነው" ሊል ሲጀምር አቶ ወልደብርሃን ማይኩን ሳቡት።

"ተከፍቷል" አሉ። "አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን።"

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ግን አልሳቁም። ስብሰባው ሲያልቅ በር ላይ ጠብቀዋት ታሪኳን ሰሙ፤ ካረፉበት ሆቴል ቁጭ ብለው ደብዳቤ ጻፉላት። እስከዳር በመቀሌ ገበያ ለዓመታት የታወቀች ነጋዴ መሆኗን መስክረው የቢሯቸውን ማኅተም አሳረፉበት።

ብሩክ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ማኅተሙን አየ፤ ስልክ ደወለ። ከሰዓት በኋላ ሒሳቡ ተከፈተ።

"ይህንን ያኔውኑ ቢያመጡልን ኖሮ እኮ!" አላት።

"ከማን? ከጠላት?"

እስከዳር መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

ሱቅ ስትመለስ ሙደሲር እንኳን ደስ አለሽ አላት። "ምነው ፊትሽ?"

"ሠላሳ ዓመት ግብር የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ የታመኑት እሳቸው ናቸው" አለች። "ጭራሽ እኔን እንዲያምኑኝ የእሳቸው ምስክርነት አስፈለገ! ሰውዬውን ልረግማቸው እንኳ አልቻልኩም፤ የረዱኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።"

ቁጣዋ እስከ ማታ አልበረደላትም። በማግስቱ ግን መቀሌ ደውላ የድሮ ደንበኛዋን አገኘችው። ሱቁ ባዶ እንደሆነ ሲነግራት ዋጋ ሳትጠራ ሁለት መቶ ሳፋ አስጫነችለት።